የአሥራ ሦስተኛው ሰው መቀመጫ

የካቲት አሥራ ስድስት፣ የቅበላው እሑድ፣ ገድሉ ከቅዳሴ እንደ ተመለሰ ነጠላውን ሳያወርድ መቀመጫ ይቆጥር ጀመር። አምስት ዱካ አለ። ከእማሆይ ወለተ ሩፋኤል የተዋሰው አግዳሚ አራት ሰው ይይዛል። መደቡ ላይ ሦስት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል። የሟች ሚስቱ የእሌኒ በርጩማ ሲጨመርበት አሥራ ሦስት ሞላ።

አሥራ ሁለቱ፣ ራሱን ጨምሮ፣ የማኅበርተኞቹ ነው። አሥራ ሦስተኛው የማንም አይደለም። የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበራቸው ከተመሠረተ ጀምሮ አንድ ቦታ ለእንግዳ ክፍት ይተዋል፤ መንገደኛም ይሁን ችግረኛ፣ በዚያ ቀን የመጣ ሰው ማነህ ሳይባል ይቀመጥበታል። የገድሉ አባት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። «ጌታ በማን መልክ እንደሚመጣ አታውቅም፤ ስለዚህ መልክ አትመርምር» ይሉት ነበር። ገድሉ የእሌኒን በርጩማ ለእንግዳው አደረጋት።

ጽዋዋ መደቡ ራስጌ፣ በቀይ ጨርቅ ተሸፍና ተቀምጣለች። ጥቁር የሸክላ ማሰሮ ናት፤ አፏ ላይ ትንሽ ተሸርፋለች። ሕጓ አጭር ነው። የወሩ ተረኛ ይደግሳል፣ ማኅበርተኛው ከእርሷ ተቀድቶለት ይጠጣል፣ ከዚያም ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥቂት ጠላ በውስጧ እንዳለ ለሚቀጥለው ተረኛ ትሰጣለች። በተደገሰበት ቤት ካደረች ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው። በስልሳ ሁለት ዓመት ውስጥ አድራ አታውቅም። በኮሮናው ጊዜ እንኳ አፋቸውን ሸፍነው ደጅ ለደጅ ተቀባብለዋታል።

ገድሉ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ልጅ አልወለደም። እሌኒ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ከሬዲዮ መጠገኛ ሱቁ በቀር ያለው ይህ ማኅበር ብቻ ነው። በወር አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰው በስሙ ይጠራዋል፤ ሌላው ቀን «ባለ ሬዲዮ» ነው።

ዛሬ ላይመጡ እንደሚችሉ ያውቃል። ቢሆንም ድፎውን አስደፍቷል፣ እማሆይም ጠላውን ጠምቀውለታል። ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ወር ነው።

ጥር ላይ ተረኛው ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ባለ ባጃጁ ምናሴ ነበር። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ረጅም፣ አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው የተበላሸ ሬዲዮ ይዞ ወደ ገድሉ ሱቅ መጣ። ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ሰው አሮጌ ሬዲዮውን ከአልጋ ሥር ያወጣልና ሥራ አልጠፋም ነበር። ሰውየው ይትባረክ ይባላል። አገሩ አሰላ ነው፤ እዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ፋብሪካ የማሽን ሠራተኛ ነው። ፈረቃው ተቀንሶበታል። ኑሮው ሲከብድ ሚስቱንና ልጁን ወደ አሰላ ልኮ፣ እሱ ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ዘንዘልማ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ቀርቷል።

ገድሉ ሲበይድ እሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእሌኒን ፎቶግራፍ ያያል። ከሥሩ «ወለተ ሐና» ተብሎ ተጽፏል።

«የክርስትና ስማቸው ነው፣ ጋሼ?»

«አዎ፤ ባለቤቴ ናት። ነፍሷን ይማር።»

«የእናቴም ስም ወለተ ሐና ነው።» ቀጥሎም፣ «አሰላ የገብርኤል ማኅበር ነበረኝ። እሱ ነው የናፈቀኝ። ምግቡ አይምሰልዎት፤ ሰው መሃል መቀመጡ ነው» አለ።

ገድሉ ይህን ከሰማ በኋላ ሌላ መጠየቅ አላስፈለገውም። የእንግዳው ቦታ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ባዶ ነበር። ጥር አሥራ ስድስት ይዞት ሄደ።

በዚያ ቀን ምናሴ ባለቤትም አስተናጋጅም ሆኖ ጨዋታውን ሁሉ ጠቀለለው።

«ይህ መንግሥት ከቅበላ አያልፍም!» አለ ጣሳውን ከፍ አድርጎ። «ቤንዚን ለምን የጠፋ ይመስላችኋል? ታንክ እየጠጣው ነው። ስኳሩንም ለዚያ ቀን እያከማቹት ነው። የቁንዝላ ጀልባ ከቀረ ሁለት ሳምንት አልሆነውም? ወታደር ሊያሻግሩበት ነው። ጄኔራሎቹ ለሁለት ተከፍለዋል፤ አንድ ሌሊት ነው የቀረው፣ አንድ ሌሊት! ሐሙሲት ከተማ ሻይ የጋበዝሁት ሰው ነው የነገረኝ። ወንድሙ ቤተ መንግሥት ጠባቂ ነው።»

«ወንድሙ ቤተ መንግሥት እየጠበቀ እሱ ያንተን ሻይ የሚጠብቅ ምን ሆኖ ነው?» አለ ደሞዝ። ደሞዝ አስተማሪ ነው፤ ከገድሉ ቀጥሎም፣ የመጋቢት ተረኛ እሱ ነበር።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ምናሴ አልሳቀም።

«ሳቁ! መጀመሪያ የሚዘጋ ሬዲዮ ነው፤ ያን ቀን ታያላችሁ። ገድሉ፣ አንተ ታውቃለህ፣ አይደለም እንዴ?»

ገድሉ እንደ ልማዱ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። በሱቁ ውስጥ ይህን የመሰለ ወሬ በቀን ሦስት ዓይነት ይሰማል። አንዱ መንግሥት ሐሙስ ይወድቃል ይላል፣ ሌላው ወድቋል ግን ተደብቋል ይላል። ገድሉ የሬዲዮውን ሆድ ከፍቶ ይሰማል እንጂ አያክልም፣ አይቀንስም። ጤፍ መግዛት ያቃተው ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ምክንያት ቢፈልግ አይፈረድበትም ይላል በልቡ።

ከጸሎቱ በኋላ ገድሉ ለእጅ መታጠቢያ ውሃ ሊቀዳ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ ይትባረክ ትንሽ ደብተር አጥፎ ኪሱ ሲከት አየ። የማኅበሩ መሪ፣ «ሙሴ» የሚባሉት መሪጌታ ፍሬ ስብሐት፣ ሊመርቁ ተነሥተው ስለነበር ምን እንደ ጻፈ ሳይጠይቅ ቀረ።

በአምስተኛው ቀን ምናሴ ታሰረ።

የታሰረው በባጃጁ ወንበር ሥር ሁለት ጀሪካን ቤንዚን ስለ ተገኘበት ነው። ይህን ገድሉ ያውቃል፤ የምናሴ ሚስት ወንጌላዊት በዚያው ቀን ሱቁ ድረስ መጥታ እያለቀሰች ነግራዋለች። «ዋስ የሚሆን ሰው ፈልግልኝ፣ ጋሼ። የቤንዚኑን ነገር ግን ለሰው እንዳትናገርብኝ፤ የገብርኤል አደራ። በጥቁር ገበያ የሚቸረችር ነው ተብሎ ልጆቼ አይሰደቡብኝ» አለችው። ዋሱን ፈለገላት። አደራውንም ዋጠ።

ምናሴ በአራተኛው ቀን ሲፈታ ግን ወሬው ሌላ ሆኖ ጠበቀው። ሰው በማዕድ ላይ በተናገረው ታሰረ፣ ያ ባዕድ ሰው ስማችንን ጽፎ ወሰደ፣ ያመጣውም ገድሉ ነው። ምናሴ ይህን ሲሰማ አላስተባበለም። በጀሪካን ከመታሰር በንግግር መታሰር ይሻላል፤ በጀሪካን የታሰረ ይታዘንለታል፣ በንግግር የታሰረ ግን ሲያልፍ ይነሡለታል። ከሳምንት በኋላማ ራሱም ያመነው ይመስል ነበር።

መሪጌታ ሱቁ ድረስ መጡ። የሚጠገን ነገር አልያዙም።

«ገድሉ፣ ያ ሰውዬ ማነው?»

«የእግዚአብሔር እንግዳ ነው፣ መሪጌታ።»

«የእግዚአብሔር እንግዳ ደብተር ይዞ ይመጣል? አነጋገሩንስ ሰምተሃል? ካገራችን አይደለም።»

«የአሰላ ሰው ነው። ሠራተኛ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«እሱ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ቸከል አደረጉ። «እሱ! ምናሴስ በምን ታሰረ ትላለህ?»

ገድሉ አፉን ከፈተ። የወንጌላዊት ፊት መጣበት። መልሶ ዘጋው።

«ይኸውልህ» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸው ውስጥ ከቁጣ ይልቅ ኀዘን ነበር። «ሃያ ዓመት ሙሉ ስትሰማን ኖረሃል፤ አንድ ቀን ምን እንደምታስብ ተናግረህ አታውቅም። ጥሩ አድማጭ ነው እንል ነበር። አሁን ግን ሰው ይጠይቃል፤ የሰማውን የት ያደርሰዋል ይላል።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሱቁ ባዶ ዋለ። ሬዲዮ ያስጠገነ ሁሉ ዘመድ እየላከ ወሰደ። ሰው በሩቅ ሲያየው ወሬውን ቆርጦ ስለ ሙቀቱ ያወራል።

*

ስድስት ሰዓት አለፈ። የሐይቁ ነፋስ የደንገል ሽታ ይዞ በመስኮት ይገባል። በየቤቱ ለቅበላው በግ ታርዷል፤ ገንዘቡ ያላገኘም ሁለት ሦስት ሆኖ ዶሮ ተካፍሏል። ከነገ ጀምሮ ሃምሳ አምስት ቀን ጾም ነው። እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ጓሮ የጠላውን ጋን እየከደኑ ይከፍታሉ።

«ኧረ አንተ ልጅ፣ ሰዎችህ የት ቀሩ? ይሄ ጠላ እኮ የሰው ፊት ካላየ ይሆመጥጣል።»

«ይመጣሉ፣ እማሆይ።»

«እኔ ዘጠኝ ማኅበር አይቻለሁ። ጠጪ የጠፋበት ግን ይህ መጀመሪያው ነው» አሉ። ደግነቱ ጆሯቸው ስለ ደከመ የሰፈሩን ወሬ አልሰሙትም።

ገድሉ ወደ ደጅ ወጣ ብሎ መንገዱን አየ። ያኔ ነው የምናሴ በረንዳ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን መቋሚያ ያወቀው። ጫፉ በናስ የተጠጋገነ የመሪጌታ መቋሚያ። ከውስጥ የብዙ ወንድ ድምፅ ይሰማል። ደሞዝ ሲያስል ሰማው።

ሁሉም እዚያ ነበሩ። አልቀሩም፤ ማዶ ቁጭ ብለው ያ ሰውዬ ይመጣ እንደሆነ እየጠበቁ ነው። ሠላሳ እርምጃ አይሆንም።

በሰባት ሰዓት ተኩል በሩ ተንኳኳ።

ይትባረክ ነበር። ጫማውን ጠርጓል፣ ነጠላውን አጣፍቷል። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጧፍ በሁለት እጁ ይዟል።

«እንኳን አደረሰዎ፣ ጋሼ። ከዘንዘልማ ታክሲ አጥቼ ነው የቆየሁት። ግማሹን በእግሬ መጣሁ፤ ሳልደርስ አለቀ ብዬ ፈርቼ ነበር።»

ገድሉ በይትባረክ ትከሻ ላይ አሳልፎ ማዶ አየ። የምናሴ የቆርቆሮ በር አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቷል። በክፍተቱ ውስጥ ሰው አለ።

አንድ ሐሳብ በልቡ አለፈ፣ ፈጥኖ፣ እሱም ሳይመረምረው። ይህን አንድ ሰው ስመልሰው ካዩ አሥራ አንዱ ይመጣሉ። ጽዋዋ ትሻገራለች። ከዚያ ሌላ ቀን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

«ዛሬ ማኅበር የለም» አለ፣ ማዶ እንዲሰማ አድርጎ።

ይትባረክ ከገድሉ ጀርባ የተደረደረውን መቀመጫ አየ። በኮባ ቅጠል ላይ የተቀመጠውን ድፎ አየ። በርጩማዋን አየ። ፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ አንገቱ ብቻ ትንሽ ዝቅ አለ።

«ይሁን፣ ጋሼ። ይቺን ግን ይቀበሉኝ። ውስጧ ወረቀት አለ፤ ለማኅበሩ ነው።»

ወረቀት የሚለው ቃል ገድሉን አስደነገጠው። ጥቅልሉን የተቀበለው የሰውየውን ጣት ላለመንካት ተጠንቅቆ ነው። ይትባረክም ይህን አየ። ዞሮ ሄደ፣ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አላየም።

ገድሉ በሩን እንደ ከፈተ ቆሞ ጠበቀ። ማዶ የቆርቆሮው በር ተንቋቋ። የወጡት ግን ሁለት ብቻ ናቸው፣ መሪጌታና ምናሴ።

«አየን» አሉ መሪጌታ።

«ሄዷል። ግቡ እንግዲህ፣ ሌሎቹንም ጥሩልኝ። ዳቦው ይቆረስ።»

«ለምን መለስኸው?»

«እናንተ ስለ ፈራችሁት ነዋ።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተን አውቅሃለሁ፣ ገድሉ። ንጹሕ ነው ብለህ ብታምን ኖሮ የእግዚአብሔርን እንግዳ ከደጅ አትመልስም ነበር። ስለዚህ ታውቅ ነበር።»

«ባስገባውስ ኖሮ?»

«ያኔማ አብራችሁ ናችሁ!» አለ ምናሴ። «እሱ ምን ጥያቄ አለው?»

ገድሉ አንዱን ከአንዱ እያየ ቆመ። ሬዲዮ ሲበላሽ አንድ ሽቦ ቢያወልቅ ይናገራል ወይም ዝም ይላል፤ ልዩነት አለው። ይህ ግን ምንም ቢነኩት ያንኑ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ሆነበት።

«ጽዋዋስ?» አለ በመጨረሻ። «ደሞዝ ይቀበለኝ። ባይገባም ደጅ ላይ ይቀበለኝ።»

«አልቀበልም ብሏል። በዚህ ኑሮ ላይ መታሰር ተጨምሮ አልችለውም ነው ያለ።»

«ፀሐይ ከጠለቀች እኮ ፈረሰ፣ መሪጌታ።»

ሽማግሌው ወደ ውስጥ፣ ወደ ቀዩ ጨርቅ አዩ። ዓይናቸው ቶሎ ተመለሰ። «የፈረሰውስ ጥር ላይ ነው» ብለው መንገዱን ተሻገሩ።

እማሆይ ምን እንደ ተባለ አልሰሙም። ሰው መጥቶ እንደ ሄደ ግን ገብቷቸዋል። «ጧፉን አምጣ እስቲ፤ ሰው ቢቀር እመቤታችን አትቀርም» ብለው ጥቅልሉን ከእጁ ወሰዱና ፈቱት። አንድ የታጠፈ ወረቀት መሬት ወደቀ። ገድሉ ሳያነሣው ጥቂት ቆየ። ከዚያ አነሣው።

በተጠነቀቀ የእጅ ጽሕፈት፣ አንዱ ከአንዱ ሥር፣ ስሞች ተጽፈዋል። ዓምደ ሚካኤል። ኃይለ ገብርኤል። ፅጌ ማርያም። ሌሎችም። አምስተኛው ላይ ገብረ ኪዳን ይላል፤ የገድሉ የክርስትና ስም ነው። አሥራ ሁለት ስም ሲያልቅ መስመር ተሰምሮ፣ «ስለ ነፍሰ ወለተ ሐና» ይላል። ከሁሉ በታች ደግሞ፦ «ያበላችሁኝን በምን እመልሳለሁ ብዬ፣ ስማችሁን ለአንድ የደሴት ገዳም አባት ሰጥቼ ነበር። ሠላሳ ቀን በጸሎት ተጠርታችኋል። ይትባረክ።»

ገድሉ በእሌኒ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

ሰላይ የክርስትና ስም ምን ያደርግለታል? በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ገብረ ኪዳን የሚባል ሰው የለም፤ ያለው ገድሉ ነው። መታወቂያውም፣ የመብራት ካርኒውም ገድሉ ነው የሚለው። በክርስትና ስሙ የሚያውቁት የነፍስ አባቱና የሚጸልይለት ሰው ብቻ ናቸው። ጥር ላይ አሥራ አንድ ሰው የየራሱን የክርስትና ስም ለእንግዳው በአፉ ነግሮታል፤ የሱንም ከመካከላቸው አንዱ ነግሮለታል። በወሬው መንገድ ላይ ግን «የክርስትና» የሚለው ወድቆ «ስም» ብቻ ቀረ። እሱም የሰው ሁሉ ወሬ አድማጭ ሆኖ ሳለ፣ ምን ስም ነው የጻፈ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀም።

ወረቀቱን ይዞ መንገዱን ተሻገረ።

የምናሴ ቤት አሥራ አንድ ሰው ተጨናንቆበታል። ወንጌላዊት ቆሎ በሰፌድ ይዛ መሃል ላይ ቆማለች። ገድሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ማንም ሳያስቀምጠው፣ ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። እያንዳንዱ ስም ሲጠራ አንድ ራስ ቀና ይል ነበር። ፅጌ ማርያም ሲል ደሞዝ ጣሳውን አስቀመጠ። «ሠላሳ ቀን በጸሎት ተጠርታችኋል» ብሎ ጨረሰ።

«የክርስትና ስም ነው የጠየቃችሁ፣ አይደለም?» አለ። «የአባታችሁን ስም ጠየቀ? የቤት ቁጥር ጠየቀ?»

ከዚያ ምናሴ ጉልበቱን መታ።

«አያችሁ! የክርስትና ስማችንን ሳይቀር ይዘውታል! ገዳም ድረስ ሰው አላቸው ማለት ነው!»

አንድ ሁለቱ «እንዴታ» አሉ፣ ግን በዝግታ። መሪጌታ መሬት መሬት ያያሉ። ገድሉ ምናሴን ትኩር ብሎ አየው። ሁለት ጀሪካን የሚል ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። እሱን ቢናገር ሁሉም ነገር ይፈታል፤ ጽዋዋ ሳይመሽ ትሻገራለች፣ የሱም ስም ይነጻል። ወንጌላዊት ሰፌዱን እንደ ያዘች ታየዋለች።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረላቸውና ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ለእማሆይ፣ «ለመጣ ድኻ ሁሉ ዳቦውን ይቁረሱለት» ብሎ ጽዋዋን ከነጨርቋ ታቀፋት። ማደያው ዙሪያውን በባጃጅ ሰልፍ ተከብቧል፤ ባለ ባጃጆቹ ወንበር ላይ ተኝተዋል። ብዙ ቆይቶ አንድ ሚኒባስ አገኘ። ሞልቷል። ረዳቱ «ማሰሮ አይጫንም!» ሊል ጀምሮ ቀዩን ጨርቅ ሲያይ ተወው። መስኮት አጠገብ የተቀመጠች ሴት ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት፣ ጎንበስ ብላም ጨርቋን ሳመች።

«ወዴት ትሄዳለች፣ አባቴ?»

«ተረኛው ዘንድ።»

የዓባይን ድልድይ ሲሻገሩ ፀሐይ ከዘንባቦቹ ትንሽ ከፍ ብላ ነበር።

ዘንዘልማ ትናንት እርሻ የነበረ፣ ዛሬ ግማሹ ግድግዳ ግማሹ የጤፍ ገለባ የሆነ ሰፈር ነው። ረጅሙን የአሰላ ሰው እያለ ጠየቀ። ሥርጉት የምትባል የቤት አከራይ ዘንድ መሩት። እሷም ጣቷን ወደ ጥግ ክፍል ቀሰረች፤ «ከመጣ ጀምሮ አልወጣም» አለች።

ይትባረክ በሩን የከፈተው ትንሽ ብቻ ነው። ነጠላውን አውልቋል። ገድሉን አየ፣ ማሰሮዋን አየ፣ ከዚያ በገድሉ ትከሻ ላይ አሳልፎ መንገዱን አየ። ገድሉ ያን አስተያየት አወቀው። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የራሱ ዓይን የሠራው ነው።

«ማን ላከዎት፣ ጋሼ?»

«ማንም አልላከኝም። ብቻዬን ነኝ።» ሌላ የሚናገረው ተዘጋጅቶ ነበር፣ መንገዱን ሁሉ ሲያሰናዳው የመጣው፤ ጠፋበት። «በድዬሃለሁ። ከደጅ መለስሁህ። ወረቀቱን ያነበብሁት ከመለስሁህ በኋላ ነው። ባላነብስ ኖሮ? እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።»

ጽዋዋን ከእቅፉ ወደ ፊት ዘረጋት።

«ጽዋዋን የሚቀበል ጠፋ። ማደር የለባትም። መጋቢት አሥራ ስድስት ተረኛው አንተ ትሆን እንደሆን ብዬ…»

በሩ ተዘጋ።

ገድሉ ደጃፉ ላይ ካለው የግንብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጽዋዋን ጉልበቱ ላይ አደረገ። አልከፋውም፤ የሚገባው ነው። ከባሕር ዛፎቹ በስተጀርባ ፀሐይዋ ቀልታ ወርዳለች። ጸሎት ጀመረና በእመቤታችን ስም ላይ ደርሶ ቆመ፤ ከውስጥ የሣጥን ክዳን ሲከፈት ሰምቷል። ሻንጣ እያሰናዳ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ነገ ይሄዳል፣ በኔ ምክንያት ይሄዳል።

በሩ ተከፈተ። ይትባረክ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ እግሩን ባዶ አድርጎ ቆሟል።

«ጽዋ ያለ ነጠላ አይቀበሉም ብዬ ነው» አለ። «አቆየሁዎት።»

ገድሉ ሊነሣ ሲል፣ ይትባረክ ተንበረከከና ጽዋዋን ከጉልበቱ ላይ ተቀበለ፣ ግንባሩን ጨርቋ ላይ አሳረፈ። ፀሐይ ገና ነበረች፣ አንድ ጣት ያህል።

«ሁለት ሰው ማኅበር ይባላል፣ ጋሼ?»

«አላውቅም። አባቴ አልነገሩኝም።»

ከዚያ በአንድ ጣሳ ተራ በተራ ጠጡ። ብዙ አላወሩም። ይትባረክ ልጁ በስልክ ድምፁን ከሰማች ሦስት ሳምንት እንዳለፋት ተናገረ። ገድሉም አዳመጠ፤ ሲጨርስ ግን ዝም አላለም። «ስሟ ማነው? የክርስትና ስሟ?» ብሎ ጠየቀ። ነገረው።

ሲመለስ ከተማው ላይ የተጣለው ሰዓት እላፊ ሳይደርስ በእግሩ ሮጥ ሮጥ ማለት ነበረበት። ሰፈሩ ሲደርስ መሽቶ፣ ሰው የሚለየው በቅርብ ብቻ ነበር። የመሪጌታ መቋሚያ ከበረንዳው ተነሥቷል። ምናሴ የቆርቆሮ በሩን ይዞ ቆሟል፤ ማኅበርተኞቹን ሸኝቶ ሊዘጋ ነው።

«ማሰሮዋን የት አደረስሃት?»

«ለተረኛው ሰጠሁ።»

«የቱ ተረኛ?»

ገድሉ ሌላ ጊዜ ቢሆን ፈገግ ብሎ ያልፍ ነበር። ቆመ።

«መጋቢት አሥራ ስድስት ዘንዘልማ ነው፣ የሥርጉት ግቢ። ለሁሉም ንገርልኝ። ለወንጌላዊትም አደራዋ እኔ ዘንድ አለ በላት።»

ገድሉ ወደ ቤቱ ገባ። እማሆይ ከዳቦው ግማሹን ለድኻ አብልተው፣ ቀሪውን በኮባ ሸፍነው፣ ሄደዋል። አሥራ ሦስቱ መቀመጫ እንደ ተደረደረ ነው። ገድሉ አንዲት ቁራሽ ቆረሰና በርጩማዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ በላ፤ ነገ ጾም ነው።

እየበላ የምናሴ በር መወርወሪያ ሲገባ ለመስማት ጆሮውን ጣለ። ብዙ ጊዜ ቆየ። መወርወሪያው አልገባም። ምናሴ ገና ደጅ ቆሞ ይሆናል፣ ወይም ሳይዘጋው ገብቶ ይሆናል። ገድሉ የራሱንም በር እንዲሁ ገርበብ አድርጎ ተወውና፣ አግዳሚው ለእማሆይ ሳይመለስ አንድ ቀን ይቆይ፣ ምናልባት ሰው ይመጣበታል ብሎ አሰበ።